123,456,789 ውስጡ ምን አለ? ትልቅ ቁጥርን በወረቀትና በእስክሪብቶ የመፈተሽ ዝርዝር መመሪያ

ትልቅ ቁጥር ሲሰጠን እጃችን ቶሎ ወደ ካልኩሌተር ይሄዳል። ካልኩሌተሩ ይደምራል፣ ያባዛል። ቁጥሩ ከምን እንደተሠራ ግን አይነግረንም። ይህን ለማወቅ ወረቀት፣ እስክሪብቶና ትንሽ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው ከዚህ በታች ያለውን እስከ መጨረሻው መሥራት ይችላል።

ለሥራችን 123,456,789ን መርጫለሁ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከ1 እስከ 9 በተራ መጻፍ ነው። እኔም ከፍቼ እስካየው ድረስ ውስጡ ልዩ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ትልቅ ቁጥርን መፈተሽ የጉልበት ሥራ ይመስላል። ይህንንም ያንንም እየሞከሩ ማካፈል ብቻ ይመስላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የት መፈለግ እንዳለብን ማወቅ ነው። በዚህ ቁጥር ላይ አንደኛው መንገድ ከ500 በላይ ሙከራ ይጠይቃል። ሌላኛው ሁለት ሙከራ ብቻ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ መልኩን እዩ

ምንም ሳታካፍሉ ቁጥሩን ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ዘጠኝ አሃዝ አለው። በ9 ስለሚያልቅ ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ለ2 አይካፈልም። በ0 ወይም በ5 ስለማያልቅ ለ5ም አይካፈልም። 2 እና 5 ወጡ። ለ4፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ10 እና ለመሳሰሉትም መሞከር ቀረ።

አሁን አሃዞቹን ደምሩ። 1+2+3+4+5+6+7+8+9 = 45። 45 ደግሞ 4+5 = 9። የአሃዞቹ ድምር ለ9 ከተካፈለ ቁጥሩም ለ9 ይካፈላል። ስለዚህ 123,456,789 ለ9 ይካፈላል።

ይህን ሕግ ብዙዎቻችን ተምረነዋል፤ ምክንያቱን ግን ሁልጊዜ አልተነገረንም። 10 ማለት 9+1 ነው። 100 ማለት 99+1 ነው። 1,000 ማለት 999+1 ነው። ስለዚህ ለምሳሌ በመቶ ቤት ያለ 7 ሲተነተን 7×99 እና 7 ይሆናል። 7×99 ለ9 ስለሚካፈል የሚቀረው 7 ራሱ ብቻ ነው። በየቤቱ ያለው አሃዝ እንደዚሁ ራሱን ብቻ ያስቀራል። እነዚያን ቀሪዎች ስንደምር የምናገኘው የአሃዞቹን ድምር ነው።

ከዚህ አንድ ደስ የሚል ውጤት ይከተላል። ዘጠኙን አሃዞች እንደፈለጋችሁ አቀያይሩ። 918,273,645 በሉት፣ 573,912,468 በሉት፣ ድምሩ 45 ነው። እነዚህ አሃዞች በ362,880 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ብቸኛ ቁጥር የለም፤ ሁሉም ለ9 ይካፈላሉ። ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም የሚባለው) ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እያለ ይቀጥላል።

ደረጃ 2፦ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ቁረጡት

ለ7፣ ለ11 እና ለ13 አንድ በአንድ ማካፈል አያስፈልግም። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚፈትሽ ዘዴ አለ። 7×11×13 = 1,001 ነው። 1,000 ደግሞ ከ1,001 በ1 ብቻ ያንሳል። ስለዚህ በሺህ ቤት ያለ ነገር እንደ ተቀናሽ፣ በሚሊዮን ቤት ያለው እንደ ተደማሪ ይቆጠራል፤ እየተፈራረቀ ይሄዳል።

ቁጥራችንን እንቁረጠው፦ 123 | 456 | 789። ከቀኝ ጀምሩና አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ።

789 − 456 + 123 = 456

ዘጠኝ አሃዝ የነበረው ቁጥር ወደ ሦስት አሃዝ ወረደ። አሁን 456ን ብቻ ፈትሹ። ለ7 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ለ11 ቀሪው 5፣ ለ13 ቀሪው 1። ሦስቱም ቀሪ አላቸው። ስለዚህ 7፣ 11 እና 13 ለቁጥራችን አካፋይ አይደሉም።

ተመሳሳይ ዘዴ ለ999 ይሠራል። 999 = 27×37 ነው፤ 1,000 ደግሞ 999+1። እዚህ መቀነስ የለም፣ ሁሉንም ትደምራላችሁ። 123+456+789 = 1,368። አሁንም ቁረጡ፦ 1+368 = 369። 369 ለ37 ሲካፈል ቀሪው 36 ነው። ለ27 ሲካፈል ቀሪው 18 ነው። 37 አይሆንም፣ 27ም አይሆንም።

የ27 ውጤት ጠቃሚ ነው። ቁጥሩ ለ9 ይካፈላል፣ ለ27 ግን አይካፈልም። ይህ ማለት 3 በውስጡ በትክክል ሁለት ጊዜ አለ፣ ሦስተኛ የለም። እዚህ ላይ የአሃዞቹን ድምር 45ን አይታችሁ «45 ለ27 አይካፈልምና ቁጥሩም አይካፈልም» እንዳትሉ። ያ ሕግ ለ3 እና ለ9 ብቻ ነው የሚሠራው። ለምሳሌ የ27 የራሱ አሃዞች ድምር 9 ነው፤ 9 ለ27 አይካፈልም፣ 27 ግን ለራሱ ይካፈላል።

ደረጃ 3፦ የተገኘውን አውጡና የቀረውን ያዙ

ለ9 አካፍሉት። 123,456,789 ÷ 9 = 13,717,421።

ከዚህ በኋላ ሥራችን ከ13,717,421 ጋር ነው። ትንሽ ቁጥር ሁልጊዜ ይሻላል። በደረጃ 2 ለትልቁ ቁጥር አካፋይ አለመሆናቸው የታወቁት ለዚህም አካፋይ አይሆኑም፤ እነሱን ደግማችሁ አትሞክሩ።

ቀጣዩ ጥያቄ 13,717,421 ራሱ ብቸኛ ነው ወይስ ይከፈላል የሚለው ነው። እስከ የት ድረስ መሞከር አለብን? መልሱ እስከ ስኩዌር ሩቱ ነው። አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም ከስኩዌር ሩቱ ሊበልጡ አይችሉም። ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ በልጦ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ትንሹ አካፋይ የግድ ከስኩዌር ሩቱ በታች ወይም እኩል ነው።

ስኩዌር ሩቱን በእጅ እንገምት። 3,700 በራሱ ሲባዛ 13,690,000 ነው። የሚጎድለው 27,421። ይህን ለ3,700 እጥፍ፣ ማለትም ለ7,400 ብናካፍለው 3.7 ገደማ እናገኛለን። ስለዚህ ስኩዌር ሩቱ 3,703.7 አካባቢ ነው።

የተለመደው መንገድ እንግዲህ ከ17 ጀምሮ 19፣ 23፣ 29፣ 31 እያሉ እስከ 3,703 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ነው። 500ኛው ብቸኛ ቁጥር 3,571 ነው። ማለትም ከ500 በላይ ማካፈል ሊጠብቀን ይችላል። እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ቢወስድ ከስምንት ሰዓት በላይ ነው። እስክሪብቶውን እዚህ ላይ አስቀምጡና ሌላ መንገድ እንይ።

ደረጃ 4፦ የፌርማ ዘዴ

ይህ ከመመሪያው ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። ቀስ ብለን እንሂድ።

በትንሽ ምሳሌ እንጀምር። 77 = 7×11። የ7 እና የ11 መሃል 9 ነው። ከ9 እስከ እያንዳንዳቸው ያለው ርቀት 2 ነው። አሁን 9×9 = 81፣ 2×2 = 4፣ 81 − 4 = 77። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። (9−2)×(9+2) ሲባዛ ሁልጊዜ 9×9 − 2×2 ይሰጣል። ጎዶሎ የሆነ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ሁሉ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ የመሃላቸው ካሬ (በራሱ ሲባዛ የሚሰጠው) ሲቀነስ የርቀቱ ካሬ። ሁለቱም አካፋዮች ጎዶሎ ስለሆኑ መሃላቸው ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ነው።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። ቁጥሩን እናውቃለን፣ አካፋዮቹን አናውቅም። ስለዚህ መሃሉን እንገምታለን። ግምታችንን ካሬ እናደርግና ቁጥሩን እንቀንስለታለን። የቀረው ካሬ ቁጥር ከሆነ አካፋዮቹ በእጃችን ገቡ። ካልሆነ መሃሉን በ1 እንጨምራለን። መጀመሪያው ግምት ከስኩዌር ሩቱ ቀጥሎ ያለው ሙሉ ቁጥር ነው።

የእኛ ስኩዌር ሩት 3,703.7 ነበር። ከ3,704 እንጀምር።

3,704 × 3,704 = 13,719,616
13,719,616 − 13,717,421 = 2,195

2,195 ካሬ ነው? በ5 የሚያልቅ ካሬ ቁጥር ሁልጊዜ በ25 ያልቃል። ይህ በ95 ያልቃል። ስለዚህ አይደለም።

ወደ 3,705 እንለፍ። እንደገና ማባዛት አያስፈልግም። ከአንድ ካሬ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ የመጀመሪያውን እጥፍና 1 መደመር ይበቃል፦ 3,704 + 3,704 + 1 = 7,409። ይህን በቀጥታ በቀሪው ላይ ደምሩት።

2,195 + 7,409 = 9,604

አሁን ቆም በሉ። 9,604 ለ10,000 ቅርብ ነው። 10,000 የ100 ካሬ ነው። 99 × 99 = 9,801። 98 × 98 = 9,604።

ደረስን! መሃሉ 3,705፣ ርቀቱ 98። ስለዚህ አካፋዮቹ 3,705 − 98 = 3,607 እና 3,705 + 98 = 3,803 ናቸው።

13,717,421 = 3,607 × 3,803

በሁለት ሙከራ። መጀመሪያ ስሠራው ካሬው እንዲህ ቶሎ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ማመን አቅቶኝ ብዜቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት። በተለመደው መንገድ ብንሄድ 3,607 የምንደርስበት 504ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው።

ዘዴው የፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1643 በጻፈው ደብዳቤ 2,027,651,281ን በዚህ መንገድ 44,021 × 46,061 ብሎ ፈታው። ያለ ምንም ማሽን፣ በ12 ሙከራ። የእሱን ሥራ ራሳችሁ ልትደግሙት ትችላላችሁ። ከ45,030 ጀምሩ፤ መሃሉ 45,041 ላይ ይገኛል፣ ርቀቱ 1,020 ነው።

ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ዘዴ የሚፈጥነው ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ብቻ ነው። 3,607 እና 3,803 ልዩነታቸው 196 ነው፤ ለዚህ ነው ቶሎ የተገኙት። 13,717,421 ብቸኛ ቁጥር ቢሆን ኖሮ መሃሉን እስከ 6,858,711 ድረስ እያሳደግን እንሄድ ነበር። ስለዚህ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ በትንንሾቹ ብቸኛ ቁጥሮች እፈትሻለሁ፣ ከዚያ የፌርማን ዘዴ አሥር ወይም ሃያ ጊዜ እሞክራለሁ። ካልተገኘ ወደ ተራ ማካፈል እመለሳለሁ።

ይህ ነገር ከወረቀት ውጭም ክብደት አለው። በኢንተርኔት ላይ ሚስጥር ለመጠበቅ የሚያገለግለው አርኤስኤ የተባለው ዘዴ የቆመው የሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ብዜት መፍታት ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። ሪቬስት፣ ሻሚርና ኤድልማን ዘዴውን የፈጠሩት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በዚያው ዓመት ለውድድር የቀረበው ባለ129 አሃዝ ቁጥር የተፈታው በ1994 ነበር። ባለ250 አሃዝ የሆነ ሌላ ቁጥር ደግሞ በ2020 ተፈታ። እንዲህ ያለ ቁልፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁለቱን ብቸኛ ቁጥሮች በጣም አቀራርበው አይመርጡም። ምክንያቱን አሁን አይታችሁታል።

ደረጃ 5፦ 3,607 እና 3,803 ብቸኛ ናቸው?

ይህን መዝለል ያጓጓል። አትዝለሉት። ሁለቱም ገና ሊከፈሉ ይችላሉ፤ ካላረጋገጥን ቀጣዮቹ ስሌቶች ሁሉ ይበላሻሉ።

የ3,607 ስኩዌር ሩት 60.06 ገደማ ነው። ስለዚህ እስከ 59 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። 2፣ 3 እና 5 በዓይን ይወጣሉ። የቀሩት ቀሪዎች እነሆ፦ ለ7 ቀሪ 2፣ ለ11 ቀሪ 10፣ ለ13 ቀሪ 6፣ ለ17 ቀሪ 3፣ ለ19 ቀሪ 16፣ ለ23 ቀሪ 19፣ ለ29 ቀሪ 11፣ ለ31 ቀሪ 11፣ ለ37 ቀሪ 18፣ ለ41 ቀሪ 40፣ ለ43 ቀሪ 38፣ ለ47 ቀሪ 35፣ ለ53 ቀሪ 3፣ ለ59 ቀሪ 8። አንድም ዜሮ የለም። 3,607 ብቸኛ ነው።

3,803ም እንዲሁ ነው፤ እሱ እስከ 61 ይሄዳል። ለምሳሌ ለ19 ሲካፈል 19 × 200 = 3,800 ሆኖ 3 ይቀራል። የቀሩትን ራሳችሁ ሥሩ፤ የትም ዜሮ አታገኙም።

እንግዲህ የቁጥራችን ሙሉ አፈታት ይህ ነው፦

123,456,789 = 3 × 3 × 3,607 × 3,803

ደረጃ 6፦ ሥራችሁን በሁለት ወንፊት አጣሩ

በእጅ ስትሠሩ ስህተት ይገባል። ሙሉውን ብዜት ከመድገም በፊት በ9 እና በ11 ፈትሹት።

በ9፦ የ3,607 አሃዞች ድምር 16፣ ከዚያ 7። የ3,803 ድምር 14፣ ከዚያ 5። 7×5 = 35፣ ከዚያ 8። የ13,717,421 ድምር 26፣ ከዚያ 8። ገጠመ።

በ11፦ ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን አሃዝ ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ። 3,607 ቀሪ 10 ይሰጣል፣ 3,803 ቀሪ 8። ብዜታቸው 80፣ ለ11 ቀሪው 3። 13,717,421 በዚሁ መንገድ −8 ይሰጣል፤ 11 ስንጨምርበት 3። ገጠመ።

ለምን ሁለት ወንፊት? አንድ ጊዜ ይህንኑ ስሌት ስገለብጥ 13,717,421 በማለት ፈንታ 13,717,241 ብዬ ጻፍኩ። 4 እና 2 ቦታ ተለዋወጡ። የአሃዞቹ ድምር ያው 26 ስለሆነ የ9 ፍተሻ አለፈው። ግማሽ ገጽ በተሳሳተ ቁጥር ሠራሁ፤ ካሬው አልመጣ ሲል ነው የነቃሁት። የ11 ፍተሻ ቢኖር ወዲያው ይይዘው ነበር፤ የተሳሳተው ቁጥር ቀሪ 10 ነው የሚሰጠው። ጎን ለጎን ያሉ የተለያዩ አሃዞች ሲለዋወጡ የ11 ወንፊት ሁልጊዜ ይይዛል፣ የ9 ወንፊት በፍጹም አይዝም።

ደረጃ 7፦ አካፋዮቹን ቁጠሩ

አፈታቱ ካለ ሌላው ቀላል ነው። 3 ሁለት ጊዜ ስላለ ሦስት ምርጫ አለን፦ ምንም አለመውሰድ፣ አንድ መውሰድ፣ ሁለት መውሰድ። ለ3,607 ሁለት ምርጫ፣ ለ3,803 ሁለት ምርጫ። 3×2×2 = 12። ቁጥሩ 12 አካፋዮች አሉት፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው እነዚህ ናቸው፦

1 × 123,456,789
3 × 41,152,263
9 × 13,717,421
3,607 × 34,227
3,803 × 32,463
10,821 × 11,409

ድምራቸውን ለማግኘት አሥራ ሁለቱን መደርደር የለባችሁም። (1+3+9) × (1+3,607) × (1+3,803) ማለትም 13 × 3,608 × 3,804 = 178,422,816። ቁጥሩን ራሱን ብናወጣ 54,966,027 ይቀራል። ይህ ከቁጥሩ ግማሽ እንኳ ያንሳል። እንደ 6፣ 28፣ 496 እና 8,128 ያሉ ፍጹም ቁጥሮች የቀሩት አካፋዮቻቸው ሲደመሩ ራሳቸውን ይሰጣሉ። የእኛ ቁጥር ከነሱ በጣም ሩቅ ነው።

ኦይለር በተባለው የሂሳብ ሊቅ ስም የሚጠራውንም ቆጠራ እንሥራ። ከ1 እስከ 123,456,789 ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ከእሱ ጋር ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? 6 × 3,606 × 3,802 = 82,260,072። 6 የመጣው ከ9 ነው፤ ከ1 እስከ 9 ለ3 የማይካፈሉት ስድስት ናቸው። ለብቸኞቹ ደግሞ ከእያንዳንዳቸው 1 መቀነስ ነው።

ደረጃ 8፦ ከካሬዎች ጋር ያለው ዝምድና

ቁጥሩ ራሱ ካሬ ነው? 11,111 × 11,111 = 123,454,321። የ11,112 ካሬ 123,476,544 ነው። ቁጥራችን በሁለቱ መሃል ስለወደቀ ካሬ አይደለም። ከታችኛው ካሬ ያለው ልዩነት ግን 2,468 ነው። ይህን ልዩነት አስታውሱት፤ እንመለስበታለን።

የሁለት ካሬዎች ልዩነት ሆኖ ይጻፋል? አዎ፣ በስድስት መንገድ። ከላይ ያሉት ስድስት ጥንዶች እያንዳንዳቸው አንድ መንገድ ይሰጣሉ። በጣም የሚቀራረበው ጥንድ 10,821 እና 11,409 ነው። መሃሉ 11,115፣ ርቀቱ 294። የ11,115 ካሬ 123,543,225፣ የ294 ካሬ 86,436፤ ልዩነታቸው 123,456,789። ማለትም የፌርማን ዘዴ ከመጀመሪያውኑ፣ ለ9 ሳናካፍል ብንጠቀምም ከ11,112 ተነስተን በአራተኛው ሙከራ እንደርስ ነበር።

የሁለት ካሬዎች ድምርስ? አይቻልም። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ለ4 ሲካፈል 3 የሚያስቀር ብቸኛ ቁጥር በአፈታቱ ውስጥ ጎዶሎ ጊዜ ከተገኘ ቁጥሩ የሁለት ካሬዎች ድምር ሊሆን አይችልም። 3,607 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ሳንፈታው ግን ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር። ቁጥሩ ራሱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ከውጭ ሲታይ የሚቻል ይመስላል።

የሦስት ካሬዎች ድምር ግን ይሆናል። ለ8 ሲካፈል ቀሪው 5 ነው። ጎዶሎ ቁጥር በሦስት ካሬ የማይጻፈው ቀሪው 7 ሲሆን ብቻ ነው። እንግዲህ እንፈልጋቸው። ቅድም የያዝነውን 2,468 አውጡ። 2,468 = 4 × 617። 617 ደግሞ 361 + 256፣ ማለትም የ19 እና የ16 ካሬዎች ድምር ነው። ሁለቱንም እጥፍ አድርጉ፦ 38 እና 32። ስለዚህ

123,456,789 = 11,111² + 38² + 32²

ይህን ያገኘሁት የቅርቡን ካሬ ቀንሼ የቀረውን በማየት ብቻ ነው። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ አይሳካም። እዚህ ተሳካ።

ደረጃ 9፦ በሁለትዮሽ

ኮምፒውተር ቁጥሩን በ0 እና በ1 ነው የሚይዘው። ለ2 እያካፈላችሁ ቀሪውን ጻፉ፤ 123,456,789 ቀሪ 1፣ 61,728,394 ቀሪ 0፣ 30,864,197 ቀሪ 1 እያላችሁ እስከ ታች ውረዱ። ከታች ወደ ላይ ሲነበብ 111010110111100110100010101 ይሆናል። 27 ቤት አለው። ከነዚህ 16ቱ 1 ናቸው።

ደረጃ 10፦ ገልብጡትና ድገሙት

አሁን ወደ 987,654,321 እንሂድ። መጀመሪያ ከቁጥራችን ጋር ያለውን ትልቁን የጋራ አካፋይ በዩክሊድ ዘዴ እንፈልግ። ትልቁን ለትንሹ ማካፈልና በቀሪው መቀጠል ነው።

123,456,789 × 8 = 987,654,312። ወደ 987,654,321 ለመድረስ የሚጎድለው 9 ብቻ ነው። ቀሪው 9 ሆነ ማለት ነው። 9 ደግሞ 123,456,789ን ያለ ቀሪ ያካፍላል። በአንድ እርምጃ አለቀ፦ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 9 ነው።

ይህችው ብዜት ሌላም ነገር ትነግረናለች። አንድ ቁጥር 1+2+3+4 እያለ የሚሄድ ድምር መሆኑን ለማወቅ በ8 አባዝቶ 1 መጨመር ነው፤ ውጤቱ ካሬ መሆን አለበት። የእኛ 987,654,313 ይሆናል። በ3 የሚያልቅ ካሬ የለም። ስለዚህ አይደለም።

987,654,321ን ስትፈቱት ለ9 አካፍላችሁ ጀምሩ፤ 109,739,369 ታገኛላችሁ። 7፣ 11 እና 13 አይሆኑም፤ ሦስት ሦስት እየቆረጣችሁ አረጋግጡ። እዚህ ላይ በፌርማ ዘዴ ብትሄዱ ከ10,476 ተነስታችሁ 179,530 ሙከራ ይፈጃል። አካፋዮቹ በጣም የተራራቁ ናቸውና። ከ13 ቀጥሎ ያለውን ብቸኛ ቁጥር 17ን ሞክሩ። 6,455,257 ይሰጣችኋል። እንደገና 17ን ሞክሩ፣ 379,721 ይሰጣችኋል። 379,721 ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ 613 ድረስ ያሉትን 112 ብቸኛ ቁጥሮች መፈተሽ ነው የቀረው፤ ለእሱ አዲስ ገጽ ያዙ።